የሦስት ኪሎ ስንዴ እርከን

ወደ ደሴ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ከተወረደ፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ በሙቀታቸው ካላቡን በኋላ፣ ከኮምቦልቻ ጀምሮ መንገዱ እንደገና እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ ስልካችሁን ትታችሁ በመስኮት ወደ ተራሮቹ ተመልከቱ። ከግርጌ እስከ አናታቸው አግድም አግድም ተሰምረዋል። አንዳንዱ መስመር ሙሉ ነው። አንዳንዱ መሀሉ ላይ ይቆረጥና ከሃያ ሜትር በኋላ ይቀጥላል። አንዳንዱ ደግሞ በላጲስ እንደ ጠፋ ጽሑፍ ምልክቱ ብቻ ነው የቀረው።

የእናቴ ወንድም የሚኖረው ከእነዚህ ተራሮች በአንዱ ሥር ነው። ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ ስንሄድ መስመሮቹ ከተራራው ጋር አብረው የተፈጠሩ ይመስለኝ ነበር። ከፍ ስል ነው «እኛ ነን የሠራነው» ያለኝ። የተከፈለውንም እስከ ዛሬ ከነግራሙ ያስታውሰዋል፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ቁጥሩን ልክ ሆኖ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ፈረሰ?» ብዬ ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ግን መጻሕፍቱ በብዙ ገጽ ከሚያብራሩት ያጥራል። «ልጄ፣ እኔ የሸጥኩት ቀኔን ነው። እርከኑን ማን ገዛኝ?»

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚች ጥያቄ ነው። መንግሥት ገበሬው መሬቱን እንዲንከባከብ ብሎ ሲከፍል በትክክል የሚገዛው ምንድን ነው? መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ አፈር ነዋ! ታሪኩን ስታዩት ግን አፈሩ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት ነው። ገንዘቡ የወጣበት ምክንያት ሌላ ነው። ያ ሌላው ምክንያት ያበቃ ቀን ደግሞ አፈሩ ጠባቂ ያጣል።

«ይህ የኛ የድሆቹ ችግር ነው» እንዳትሉ ከሀብታሞቹ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሰፊ ሜዳ፣ ካንሳስና ኦክላሆማ፣ የቴክሳስና የኮሎራዶ አንድ ክፍል፣ በአቧራ ተውጦ ነበር። የሜዳውን ሣር በትራክተር ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት። ከዚያ ድርቅ መጣና ሥር ያልያዘውን አፈር ነፋስ ወሰደው። ኤፕሪል 14 ቀን 1935 የተነሣው ማዕበል ቀኑን ሌሊት ስላደረገው «ጥቁሩ እሑድ» ተብሎ ቀርቷል። በዚያው ወር ሂዩ ቤኔት የሚባል የአፈር ሊቅ ለሕግ አውጪዎቹ ስለ አፈር መሸርሸር ሲያስረዳ፣ ከምዕራብ የተነሣው አቧራ ዋሽንግተን ድረስ መጥቶ መስኮቱን እስኪያጠቁረው ድረስ ሆን ብሎ ንግግሩን አራዘመ ይባላል። እውነት ይሁን ማሳመሪያ፣ ሕጉ ኤፕሪል 27 ጸደቀ። የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ።

ለኔ የሚጥመኝ ግን የሚቀጥለው ዓመት ነው። ያኔ የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎች ገንዘብ እየሰጠ «አታምርቱ» ይል ነበር፤ ምርት በዝቶ ዋጋ ወድቋላ። ጃንዋሪ 1936 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ አፈረሰው። መንግሥት ምን አደረገ? ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ሌላ ሕግ አወጣ። አሁን ገበሬው የሚከፈለው «ምርት ስለ ቀነሰ» አይደለም፤ አፈር የሚያደኸዩትን እነ ስንዴን፣ እነ በቆሎን፣ እነ ጥጥን ትቶ አፈር የሚያድኑ እንደ ሣርና ጥራጥሬ ያሉትን ስለ ዘራ ነው። ቀንሱ የተባሉት ሰብሎች ከሞላ ጎደል ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ተከፋዩም ያው ነው። ልብሱ ተቀየረ። አፈር የዋጋ ማስተካከያው ልብስ ሆነች።

መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። ብዙ መሬት አረፈ፣ በሜዳው ላይ ረጃጅም የዛፍ ረድፎች ተተክለው ነፋሱን ሰበሩት። ነገር ግን በ1970ዎቹ የስንዴ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ የግብርና ሚኒስትሩም «ከአጥር እስከ አጥር እረሱ» ሲሉ፣ ከእነዚያ ዛፎች ብዙዎቹ ተነቀሉ። ከዚያም በ1985 እንደገና ሌላ ፕሮግራም መጣ፤ ተሸርሻሪውን መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት ሳታርሱ ብታቆዩ ኪራይ እንከፍላችኋለን የሚል። በ2007 ወደ 37 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ተመዝግቦበት ነበር። በነዚያው ዓመታት የእህል ዋጋ ወደ ላይ ሲተኮስ ግን ውል ያለቀበት ገበሬ ብዙውን መልሶ አረሰው። ለሰባት አሥርት ዓመታት ያህል ያው ዘፈን ነው። ዋጋ ሲወድቅ አፈር ትታሰባለች፣ ዋጋ ሲወጣ ትረሳለች።

አሁን ወደ ቤታችን።

የኛው ታሪክ የሚነሣው ከዋጋ ሳይሆን ከረኃብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎንና ትግራይን የመታው ረኃብ ንጉሡን ይዞ ወረደ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት ብሎ አወጀ። ገበሬውንም በማኅበር አደራጀው፤ አንዱ ማኅበር በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ። እንግዲህ ይህን ማኅበር ልብ በሉት። ፍርድ የሚሰጠው እሱ፣ መሬት የሚደለድለው እሱ፣ ሰው ለሥራ የሚጠራውም እሱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ስንዴ ከተትረፈረፈባቸው አገሮች በዓለም ምግብ ፕሮግራም በኩል እህል መግባት ጀመረ። «ለተራበ ሰው እንዲሁ ከመስጠት ሠርቶ ይብላ» ተባለ። የተራቆተ ተራራ አለ፣ የተራበ ጉልበት አለ፣ ስንዴ አለ። ሦስቱ ተገናኙና ስማቸው «ምግብ ለሥራ» ሆነ።

እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ነገሩ በአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ተጠቃለለ። ቁጥሩ 2488 ነው። በአፍሪካ በዓይነቱ ትልቁ ነበር። የልማት ሠራተኛው ሁለት እንጨት፣ አንድ ሲባጎና አንድ ውኃ ልክ ይዞ ይመጣል፤ የተራራውን ወገብ ተከትሎ ያሰምራል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰው ይጠራል። ዶማ ያለው ይቆፍራል፣ ሴቱና ልጁ ድንጋይ ያግዛል። ጸሐፊው ስም ይመዘግባል። በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚለካ እርከን የተሠራው እንዲህ ነው። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ ያቺ 3 ኪሎ የብዙ ቤት ነፍስ ማቆያ ነበረች። ይህን ሳልናገር ባልፍ ጋሼ ይታዘበኛል።

መለኪያውን ግን እዩት። በግብርና ሚኒስቴር የሥራ መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ይፈጃል፤ የድንጋዩ ደግሞ 250። የአፈሩን በ3 ኪሎ ብታባዙት 450 ኪሎ፣ አራት ኩንታል ተኩል ስንዴ ይመጣል። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ሜትሩ ነው፣ ከመጋዘን የሚወጣው ኩንታሉ ነው። እርከኑ ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሞ ይሆን ተንዶ፣ ያንን የሚመዘግብ ዓምድ ከክፍያው ወረቀት ላይ የለም። ለጥገና የሚከፈል ነገር የለም። እንዲያውም በአንዳንድ ቦታ ገበሬው የተናደውን ዝም ብሎ ያይ ነበር፤ ሲታደስ እንደገና ስንዴ ይመጣልና። ይህን ስንሰማ ከተማ ቁጭ ብለን «አቤት ተንኮል!» እንላለን። እኔ ግን ሒሳብ ይመስለኛል። ቀን የሚገዛ ነጋዴ ከመጣ ቀን ይሸጥለታል።

ሌላም አለ። ይኸው ስንዴ የሚሰጥ መንግሥት በአዝመራ ጊዜ ተመልሶ ይመጣና ከገበሬው እህል በኮታ፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል። ተራራው ዛፍ ከተተከለበት በኋላ ይከለላል፤ ከብት አይገባበትም፣ እንጨት አይለቀምበትም። የማን ነው ሲባል የማኅበሩ ይባላል። ማኅበሩ ደግሞ የማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። መሬቱ በማናቸውም ጊዜ ሊሸጋሸግ፣ ለአምራች ኅብረት ሥራ ሊሰጥ ይችላል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ለልጅ ልጅ የሚሆን ድንጋይ የሚክብ ማን ነው?

ከዚያ 1982 መጣ። በየካቲት ወር ማብቂያ ላይ ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ገበሬው ከኅብረት ሥራው መውጣት ይችላል ተባለ። በሳምንታት ውስጥ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ተበተኑ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ራሱ ወደቀ። በዚያ መሀል፣ አለቃ በሌለበት ወራት፣ በብዙ ቦታ የተከለለው ደን በመጥረቢያ ወረደ፣ እርከኑ ፈረሰ። ጋሼም አፍርሷል፤ አይደብቅም። ድንጋዩን ተሸክሞ ወስዶ የግቢውን አጥር ካበበት።

ለዚያ ጊዜ ማብራሪያ ያልሰጠ ባለሙያ የለም። መጀመሪያ የተሰማው «ገበሬው አላዋቂ ነው» የሚለው ነበር። የራሳችን ምሁራን ግን ጠለቅ ብለው አዩት። ዶክተር የራስወርቅ አድማሴ «ሃያ ዓመት ወደ የትም» ብለን ልንተረጉመው የምንችል ርዕስ ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጻፉ። ርዕሱ ራሱ ፍርድ ነው። ጉዳዩንም ከባለቤትነት መብት ጋር አያያዙት። ደሳለኝ ራህመቶም የወሎን ጉዳይ አጥንተው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ስለ ተሠራው ሥራ ጽፈዋል።

የአፈር ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ቀስ በቀስ ለገበሬው ምስክር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሐንስ ሁርኒ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የምርምር ጣቢያዎች አቋቁሞ ነበር፤ ወሎ ማይባር፣ ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ሌሎችም። ከታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው ዝነኛ ግምት የሱ ነው። አንድ ሲኖትራክ ሞልቶ የሚተርፍ አፈር መሆኑ ነው፣ ከአንዲት ሄክታር፣ በአንድ ዓመት። ስለዚህ አደጋው የፈጠራ አልነበረም። ነገር ግን ከነዚያው ጣቢያዎች ሌላም እውነት ወጣ። እርከኑ አፈሩን ይይዛል፤ ምርት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይጨምርም። በተዳፋት መሬት ላይ ከማሳው ከአሥር እጅ አንዱን፣ አንዳንዴ ሁለቱን ራሱ እርከኑ ይወስደዋል። አይጥ ይራባበታል። እርከኑ ተቀራርቦ ሲሠራ ጥማድ በሬ መዞሪያ ያጣል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ ውኃ ያቁርና ሰብሉን ያበሰብሳል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ከሷ ላይ አሥረኛውን ስጥ ሲባል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚመጣ ጥቅም፣ ያውም ያን ጊዜ መሬቱ የሱ ይሁን አይሁን ሳያውቅ! እኛ ብንሆን ባንክ ቤት ሄደን እንዲህ ያለ ውል እንፈርማለን?

«ታዲያ የኢትዮጵያ ገበሬ እርከን አይወድም ማለት ነው?» የሚል ካለ ኮንሶ ይሂድ። እዚያ ከ400 ዓመት በላይ፣ ዩኔስኮ እንደሚለው ለ21 ትውልድ ያህል፣ ድንጋይ ሲከብ የኖረ ሕዝብ አለ። አንዳንዱ ግንብ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያን ሥራ ያስጀመረው የመንግሥት ስንዴ አይደለም፤ ውኃ ልክ ይዞ የመጣ ሠራተኛም አልነበረም። የተናደውን የሚያድሰው ሰው ከአባቱ የወረሰውን፣ ለልጁ የሚያወርሰውን እያደሰ ነው። ሁሉም አገር ኮንሶ ይሁን አልልም፤ ኮንሶም ቢሆን ድርቅ ሲመታው እጁን ለእርዳታ ዘርግቷል። ግን ያ ግንብ «ገበሬው አላዋቂ ነው» የሚለውን ክርክር ይዘጋዋል።

ከ1983 በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። ሥራው አልቆመም። ወሎና ትግራይ ውስጥ የተከለሉ ተራሮች መልሰው ሲለብሱ ያየ ብዙ ነው። በሌላ በኩል በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል በራሱ ወጪ እርከን የሠራ ሰው መሬቱ ተቆርጦ ለሌላ ሲሰጥ አየ። ይህን ያየ ጎረቤት ምን ትምህርት እንደ ወሰደ መገመት አያቅትም።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት መጣ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ አምስት ሚሊዮን ሰው፣ በኋላ ከሰባት ሚሊዮን በላይ። መሥራት የሚችለው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን፣ በዓመት ስድስት ወር ይሠራል፤ ሲጀመር በቀን 6 ብር ወይም ያችኑ 3 ኪሎ እህል። ሥራው ብዙውን ጊዜ እርከን፣ ክትር፣ ኩሬና የገጠር መንገድ ነበር። ልዩነቱ ክፍያው አስቀድሞ መታቀዱ ነው፤ ረኃብ እስኪመጣ አይጠበቅም። የተፋሰሱን ዕቅድም የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ እንዲያወጣ መመሪያው ያዛል። ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን ሰው የሚመዘገበው ምግብ ስለሚያጥረው እንጂ መሬቱ ስለሚታጠብ አይደለም። ከተራራው አናት ላይ ያለው ገበሬ ደኅና ኑሮ ካለው አይመዘገብም። ጎርፉ የሚነሣው ግን ከሱ ማሳ ነው!

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ በበጋ ወራት ገበሬው ያለ ክፍያ የሚወጣበት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ተስፋፋ። በቴሌቪዥን ታስታውሱታላችሁ፤ ባንዲራ፣ ጭብጨባ፣ ዶማ። አንዱ ተራራ ላይ የሴፍቲኔቱ ሰው እየተከፈለው፣ ጎረቤቱ በነፃ ይቆፍራሉ። ጋሼም ይወጣል። «ይህኛውስ ስንት ኪሎ ነው?» ስለው ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም።

ገንዘቡን ማን ይሰጥ እንደ ነበረም መርሳት አይገባም። «የመንግሥት ድጋፍ» ስንል የኖርነው አብዛኛው የለጋሾች ነው። ከሴፍቲኔቱ ዋና ዋና ለጋሾች አንዱ የነበረው ዩኤስኤይድ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ። የዘጉት ሰዎች ስለ ወሎ ተራራ አስበው አልነበረም፤ የራሳቸው አገር ፖለቲካ ነበራቸው። ስንዴው የመጣው በነሱ ምክንያት ነው፣ የቀረውም በነሱ ምክንያት ነው።

ለአፈሩ ለራሱ የተከፈለበት ጊዜ የለም ወይ? ትንሽ ትንሽ አለ። ወላይታ ሁምቦ ውስጥ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአካባቢው ሰዎች ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቁመው፣ በደኑ የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ተረጋግጦላቸው፣ ከመሬት በታች ሕይወት የቀረውን ጉቶ እየገረዙና እየጠበቁ ተራራውን መልሰው አለበሱት። የዓለም ባንክ የገዛቸው ደኑ የያዘውን ካርቦን ነው። እዚህ ላይ የሚለካው የተቆፈረ ቀን አይደለም፣ ቆሞ የተገኘ ዛፍ ነው። ዛፉ ከሌለ ክፍያም የለም። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ የተሸጠው ነገር ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ክፍያ እንኳ አይደለም። ወረቀት ነው። ከትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ወደ ኦሮሚያና ወደ ደቡብ የተዳረሰው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። በአማራ ክልል የተደረገ ጥናት ደብተር ያገኙ ገበሬዎች በአፈር ጥበቃ ላይ ከበፊቱ የበለጠ መድከማቸውን አሳይቷል። አንድ ቀጭን ደብተር የስንዴ ጆንያ ያልሠራውን መሥራት ጀመረ ማለት ነው። መቼም ሕጉ መሬቱን ያልተንከባከበ የመጠቀም መብቱን ሊያጣ ይችላል ይላል፤ ደብተሩ በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላው ያስፈራራል። ቢሆንም ስምህ ተጽፎበታል።

ባለፈው ዓመት ለበዓል ስንሄድ ጋሼ ማሳውን አዞረን። ታችኛው ላይ የድሮው መስመር ጠፍቶ የለም፤ በሬዎቹ ቀጥ ብለው ያርሳሉ። ላይኛው ላይ፣ በአጥሩ በኩል፣ አንድ ወገብ የሚደርስ እርከን ቆሟል። ድንጋዩ በጥንቃቄ ተጠላልፎ ተክቧል፤ አንድም የተናደ ቦታ የለውም። ከላዩ ጌሾ ተተክሎበታል፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ። ይህን መቼ እንደ ሠሩት ስጠይቀው፣ ደብተሩ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው አለኝ፤ ድንጋዩንም ከአጥሩ እየነቀለ ነው የመለሰው። ጌሾውን የሚሸጡት እሳቸው እንደ ሆኑና ብሩንም እሳቸው እንደሚይዙት ባለቤቱ ከኋላችን ሆነው ተናገሩ።